ወተቱን ተዪው፣ ልጁን መዝኚው

ጥያቄው፦ «ሲስተር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምጽፍልዎ ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። የመጀመሪያ ልጄን በኦፕራሲዮን ወለድኩ። ወንድ ነው፣ ዛሬ 35 ቀኑ ነው። ሲወለድ 3 ኪሎ ከ100 ግራም ነበር። በሰባተኛው ቀን 2 ኪሎ ከ950 ሆነ። በ30ኛው ቀን የጤና ኤክስቴንሽኗ ቤት መጥታ መዘነችውና 3 ኪሎ ከ650 አለችኝ። ከጡት በቀር ምንም አልሰጠሁትም። ችግሬ ግን ወተቴ አነሰ። ጡቴ እንደ መጀመሪያው ሳምንት አይወጥርም። ልጁ ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ እስከ 4 ሰዓት ጡት አልለቅ ይላል፣ ይነጫነጫል። ካጠባሁት በኋላ በማለቢያ ብሞክር የወጣው 30 ሚሊ ሊትር ነው። የጡቴ ጫፍ ቆስሏል። ሲጎርስ ሕመሙ እግሬ ጣት ድረስ ይሰማኛል። አማቴ ልጁ ተርቧል፣ የጣሳ ወተት ይጀምር ይላሉ። ጣሳው ተገዝቶ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጧል። ጎረቤታችን ደግሞ እንጥሉ ወርዶ ነው ትላለች። ከአምስት ቀን በኋላ ክርስትናው ነው። ሁለት ወር ሳይሞላ ደግሞ ወደ ማስተማር ሥራዬ እመለሳለሁ። ምን ላድርግ? ባለሙያ ጋ ብመጣስ ምን ይደረግልኛል?»

እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ጣሳው ሳይከፈት ስለጻፍሽልኝ ደግሞ እሰየው።

መልሱን አንቺው ጽፈሽዋል፣ ልብ አላልሽውም እንጂ። ከሰባተኛው ቀን እስከ 30ኛው 23 ቀን ነው። በነዚህ 23 ቀናት ልጅሽ 700 ግራም ጨምሯል። ለ23 አካፍይው፤ በቀን 30 ግራም ይመጣል። በዚህ ዕድሜ ያለ ሕፃን በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም ከጨመረ እኛ ደስ ብሎን ነው የምንሸኘው። ያንቺው ከላይኛው ጫፍ ላይ ነው። ከጡት በቀር ምንም አልሰጠሁትም ብለሻል። ታዲያ ያ 700 ግራም ከየት መጣ? ከዚያው አነሰ ካልሽው ወተት ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት የቀነሰው 150 ግራምም አያስደንግጥሽ። አዲስ የተወለደ ልጅ ከክብደቱ እስከ 7 በመቶ፣ አንዳንዴም እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። በሁለት ሳምንት ገደማ መልሶ ይይዘዋል። ያንቺው የቀነሰው 5 በመቶ እንኳ አይሞላም። ያውም በኦፕራሲዮን ተወልዶ፤ በኦፕራሲዮን ለወለደች እናት ወተቱ ትንሽ ዘግየት ብሎ መምጣቱ የተለመደ ነው።

እናም «ወተቴ አነሰ» የሚለውን ከጠረጴዛው ላይ እናንሳው። የቁስሉ ነገር ግን ይቆያል። እሱ እውነተኛ ችግር ነው፣ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ስላስደነገጡሽ ነገሮች። ጡቴ አይወጥርም ብለሻል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጡት የሚወጥረው በወተት ብቻ አይደለም። ደምና ፈሳሽም ወደዚያ ይጎርፋል። ሰውነትሽ የልጁን ልክ ገና አያውቅም፣ ስለዚህ አብዝቶ ይሠራል። ወር ሲሞላ ልኩን ይለምዳል፤ ጡቱ ይለሰልሳል። ብዙ እናት ጡትን እንደ እንስራ ታስበዋለች፣ ሞልቶ፣ ተቀድቶ፣ ባዶ የሚቀር። ወተት ግን ልጁ እየጠባም ይሠራል። ለስላሳ ጡት ይዘሽ ልጅሽ ጠግቦ ሊተኛ ይችላል።

ስለ ማለቢያው ስትጽፊ ደግሞ ፈገግ ብያለሁ። ልጁ ከጠባ በኋላ 30 ሚሊ ሊትር ወጣ ማለት እኮ ልጁ የተወው ትርፍ ነው! ደግሞ ማለቢያ ልጅ አይደለም። ወተት እንዲወርድ ኦክሲቶሲን የሚባል ሆርሞን መለቀቅ አለበት። እሱ የሚለቀቀው ልጁ ሲነካሽ፣ ሲሸትሽ፣ ድምፁን ስትሰሚ ነው። ፕላስቲክ ጡትሽ ላይ ለጥፈሽ፣ አማትሽ ከበር ቆመው «ስንት ወጣ?» እያሉ፣ ይሸሻል።

የምሽቱን ነገር የማያውቅ የአራስ ቤት የለም። ሕፃን ስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ከመቼውም በላይ ያለቅሳል። ደግሞ ምሽት ላይ ይብስበታል። ምሽት ላይ ጡት እያፈራረቀ በየደቂቃው ይፈልጋል፣ ይለቃል፣ ይይዛል፣ ይተኛል፣ ይነቃል። ለሌሊቱ ስንቅ የሚይዝ ነው የሚመስለው። አንቺ ደግሞ በዚያ ሰዓት ቀኑን ሙሉ ደክመሻል፣ ቤቱ በሰው ሞልቷል፣ እራት ይቀርባል። ልጁ ሲያለቅስ ሁሉም ሰው ዓይኑን ጡትሽ ላይ ይተክላል። ይህ ሰዓት ያልፋል። ሦስተኛው ወር ላይ ብዙው ይረጋጋል።

ጣሳው የሚከፈተው ግን ብዙ ጊዜ በዚሁ ሰዓት ነው። እንዴት እንደሚሆን ልንገርሽ፤ በኔም ደርሶብኛል። የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ነርስ ነበርኩ። ሌሎች እናቶችን አስተምር ነበር። በሦስተኛው ቀን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «ወተትሽ አልመጣም፣ ልጅቷን አታስርቢያት» አለችኝና ጡጦ ተሰጠ። ልጅቷ 60 ሚሊ ሊትር ጠጥታ አራት ሰዓት ተኛች። «ይኸው ተርባ ነበር» ተባለ። በነዚያ አራት ሰዓታት ጡቴ አልተጠባም። ያልተጠባ ጡት «አይፈለግም» የሚል መልእክት ይደርሰዋል፣ ሥራውን ይቀንሳል። በማግሥቱ በእርግጥም ወተቱ አነሰ። ጡጦው ሁለት ሆነ፣ ከዚያ ሦስት። ወደ ጡት ለመመለስ ከሦስት ሳምንት በላይ ፈጀብኝ። የተማርኩት ሁሉ በአንድ ሌሊት ልቅሶ ጠፍቶኝ ነበር። ስለዚህ የፈራች እናት ሳይ አልቆጣም።

የጣሳ ወተት መርዝ ነው እያልኩሽ አይደለም። ልጅ በእርግጥ ሳይጨምር ሲቀር፣ እናት በአንዳንድ ሕመም ምክንያት ማጥባት ሳትችል፣ ጡቷ ተቀዶ ወይም ከወሊድ ብዙ ደም ፈሷት ወተቱ ሲያንስ እኔ ራሴ እጽፈዋለሁ፤ መጠኑን፣ አሠራሩን፣ እስከ መቼ የሚለውን ጨምሬ። ያለ ምክንያት ሲገባ ነው የሚያስቸግረው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ጡጦ አጥቦ፣ ቀቅሎ፣ በልኩ በጥብጦ ማዘጋጀት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ዱቄቱ ውድ ስለሆነ ሰው አቅጥኖ ይበጠብጠዋል። ልጁ ሆዱ ይሞላል፣ አይጨምርም። ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። የላም ወተት ደግሞ ዓመት ሳይሞላው ጭራሽ አይታሰብ፤ ብረቱ አነስተኛ ነው፣ ለኩላሊቱም ይከብደዋል።

አማትሽን አትቀየሚያቸው። እርሳቸው ልጅ ባሳደጉበት ዘመን ሕፃን በቀላሉ ይሞት ነበር። የሚያለቅስ ልጅ ሲያዩ የሚመጣባቸው ያ ነው። «ዝም በሉ» ከማለት የክብደቱን ወረቀት አሳይያቸው። 700 ግራም ማለት ምን ያህል እንደሆነ በሥጋ ንገሪያቸው፤ ኪሎ ሊሆን ሩብ ገደማ የቀረው በያቸው። እርሳቸው ከሚዛን ጋር አይጣሉም።

አሁን ወደ እንጥሉ። እዚህ ላይ ቆጣ እላለሁ፣ ይቅር በይኝ። በኛ አካባቢ ልጅ ጡት እምቢ ሲል፣ ሲያስታውክ፣ ሲያስል «እንጥሉ ወርዷል» ይባላል። ከዚያ አንድ የሰፈር አዋቂ ይጠራና በምላጭ ወይም በተጠመዘዘ ነገር ይቆርጠዋል። እንጥል ከጉሮሮ በላይ የምትንጠለጠል ትንሽ ሥጋ ናት። ጡት በመጥባት ላይ እንቅፋት አትሆንም፤ መቆረጧም ልጁን አያጠባውም። የምናየው ውጤት ደም መፍሰስ፣ ኢንፌክሽን፣ የመንጋጋ ቆልፍ ነው። ደሙ ወደ ውስጥ እየተዋጠ ቤተሰብ ሳያውቀው ሕፃኑ የገረጣ ጊዜ አለ። አፉ ቆስሎ ጡት የተወ ልጅ ደግሞ ስንት አይተናል! ልጅሽ በቀን 30 ግራም እየጨመረ ነው። ይህ ልጅ ምኑ ነው የማይጠባው? ጎረቤትሽ ክፉ አስባ አይደለም፤ እሷም የሰማችውን ነው የምትልሽ። ግን ማንም ሰው ጣቱን ወደ ልጁ ጉሮሮ እንዳይከት። የወተት ጥርስ ይነቀልለት የሚልም ቢመጣ እንደዚያው።

አፉ ውስጥ መታየት ያለበት ነገር ካለ ምላሱ ነው። ከምላስ ስር ያለው ክር አጭር ሆኖ ምላሱን የሚያስር ከሆነ ጡት በደንብ ለመያዝ ይቸገራል፣ የእናትየውንም ጫፍ ያቆስላል። ይህንን በንጹሕ ጓንት ጣት አስገብቼ አየዋለሁ። አብዛኛው ልጅ ግን ምላሱ ደህና ነው፤ የሚስተካከለው አጎራረሱ ነው።

ባለሙያ ጋ ብመጣ ምን ይደረግልኛል ላልሽው፣ አንድ ጠዋት ያየሁትን ልንገርሽ።

ጎንደር ጠዋት ትበርዳለች። እናቲቱ ልጁን በፎጣ፣ በብርድ ልብስ፣ ከዚያ በጋቢ ጠቅልላ መጣች። ከዚያ ሁሉ ጥቅል የሚታየው አፍንጫው ብቻ ነው። እንደ አንቺው በኦፕራሲዮን የወለደች ናት። ቁስሏን እየጠበቀች ወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጡቷን ወደ ልጁ አወረደች። ልጁ በጀርባው ተንጋሏል፤ አንገቱ ብቻ ወደ ጡት ዞሯል። እስቲ አንገትሽን ወደ ትከሻሽ አዙረሽ ውሃ ለመዋጥ ሞክሪ፤ እንደዚያ ነው የሆነው። አፉ ሊያፏጭ እንደተዘጋጀ ሰው ጠባብ ናት። የያዘው ጫፉን ብቻ ነው። ሲስብ ጉንጩ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ «ጭ… ጭ…» የሚል ድምፅ ይወጣል። እናቲቱ ጥርሷን ነክሳለች። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ለቀቀ። ጫፉን አየሁት፤ እንደ መቃ ብዕር ጫፍ ሰያፍ ሆኖ፣ ነጭ ሆኖ ወጣ። በልጁ ምላስና በጠንካራው ላንቃ መካከል ተጨፍልቆ ነበር።

መድኃኒት አልሰጠሁም። መጀመሪያ ጋቢውን ፈታሁ። ከዚያ ብርድ ልብሱን። ክንዶቹ በሁለታቸው መካከል ታፍነው ስለነበር ወደ እናቱ መጠጋት አልቻለም። እናቲቱን ወደ ኋላ ደገፍኳት፤ ከወገቧና ከክንዷ ስር ትራስ አስገባሁ። ልጁን በብብቷ ስር አሳለፍነው፣ እግሩ ወደ ጀርባዋ። እንዲህ ሲሆን ሆዷ ላይ አያርፍም፣ ቁስሏ አይነካም። እጇ ከትከሻውና ከአንገቱ ስር ሆነ። ጭንቅላቱን የሚገፋ እጅ የለም፤ ጭንቅላቱ ሲገፋ ሕፃን ይታገላል። የጡቷን ጫፍ ከአፍንጫው ትይዩ አደረግነው። ላይኛው ከንፈሩን ነካ ነካ አደረገችው። ከዚያ ጠበቅን።

መጠበቁ ነው ከባዱ። ሁሉም እናት አፉ በትንሹ ሲከፈት ትከተዋለች። «ገና ነው» አልኳት። «ገና።» ከዚያ ሊያዛጋ እንደሆነ ሁሉ አፉን በሰፊው ከፈተ። «አሁን!» አገጩ ቀድሞ ጡቷ ውስጥ ገባ፣ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ተገለበጠ፣ በጫፉ ዙሪያ ካለው ጥቁር ክፍል ከታች ብዙውን ዋጠው። ከላይ ትንሽ ይታያል። ጉንጩ ሞላ። ጭ ጭ የሚለው ድምፅ ጠፋ። ሁለት ሦስት ፈጣን መሳብ፣ ከዚያ ዝግ ያለ ጥልቅ መሳብ፣ ከዚያ ከጉሮሮው «ከህ» የምትል ቀጭን ድምፅ። ዋጠ። እናቲቱ ትከሻዋ ወረደ። «አላመመኝም» አለች፣ ራሷን ያላመነች ይመስል። አብረዋት የመጡት እናቷ ጆሯቸውን አስጠግተው ሰሙና «ኧረ ይውጣል!» አሉ።

ይህ ነው የሚደረግልሽ። አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ልጁን ራቁቱን እመዝነዋለሁ። አንድ ሙሉ ማጥባት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቁጭ ብዬ አያለሁ። የሚስተካከለውን በራስሽ እጅ አስደርግሻለሁ፤ እኔ ይዤ ባስተካክለው ቤት ስትገቢ ይጠፋብሻል። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ እናያለን። አንዲት ጥሩ አዋላጅም ይህን ታደርገዋለች፣ አንዲት ትጉህ የጤና ኤክስቴንሽንም መሠረቱን ታውቀዋለች። «የጡት ማጥባት ባለሙያ» የሚለው ስም ለኛ አዲስ ይሁን እንጂ ሥራው አዲስ አይደለም። ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ስትከፍት የምታሠለጥነው በየቤቱ የሚሄድ የማኅበረሰብ ነርስም ጭምር ነበር። የጤና ኤክስቴንሽኗ ሚዛን ይዛ ቤትሽ ድረስ መምጣቷም ከዚያው ሐሳብ የራቀ አይደለም። ደግሞም እሷ መዝና ባትሄድ ኖሮ ዛሬ ይህን መልስ መጻፍ አልችልም ነበር።

እስክትመጪ ዛሬ ማታ የምትሞክሪው። ልጁን ፍቺው። ቤቱ ከበረደ ጋቢውን በሁለታችሁ ላይ ደርቢው፣ በመሃላችሁ አይግባ። ወደ ኋላ ተደገፊ ወይም በጎንሽ ተኚ። ሆዱ ከሆድሽ ጋር፣ ጆሮው ትከሻውና ዳሌው በአንድ መስመር። ሲይዝ መጀመሪያ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ቆንጠጥ ቢል ምንም አይደለም። ከዚያ በላይ ካመመሽ አትታገሺ። ትንሽ ጣትሽን በአፉ ጥግ አስገብተሽ አስለቅቂውና እንደገና። ጡቱን ጎትተሽ ማውጣት ቁስሉን ያብሰዋል። ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ ሊሆን ይችላል። ሲጨርስ ጥቂት ጠብታ ወተትሽን ጫፉ ላይ ቀቢውና በአየር ይድረቅ። ሳሙና ተዪው፤ ያደርቀዋል። ቅቤም አያስፈልገውም። ጠብቶ ከጨረሰ በኋላ ጡትሽን የሚያቃጥልሽ ከሆነ፣ በልጁም አፍ ውስጥ የማይጠረግ ነጭ ነገር ካየሽ ሌላ ጉዳይ ነው፤ መድኃኒት አለው፣ ሁለታችሁም ትታከማላችሁ።

በቀንና ሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጥባ። ሰዓት አትያዢለት። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲነሳ አትማረሪ፤ ወተት የሚያሠራው ፕሮላክቲን ሌሊት ከፍ ይላል። ቀን ቀን ደግሞ ዳይፐሩን ቁጠሪ። በ24 ሰዓት ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ ከሸና፣ ሽንቱም ነጣ ያለ ከሆነ እየጠገበ ነው። በዚህ ዕድሜ ዓይነ ምድሩ በየቀኑ ላይመጣ ይችላል፤ እየጨመረ ከሆነ አትደንግጪ።

ክርስትናው ደርሷል ብለሻል። እንኳን አደረሳችሁ። ግን ያ ቀን ጡት ላይ የሚያደርገውን አውቃለሁ። ልጁ ከንጋት ጀምሮ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ሲያለቅስ አንዱ ይወዘውዘዋል፣ ሌላው እሹሩሩ ይለዋል፣ አንቺ እንግዳ ታስተናግጃለሽ። ሦስት ማጥባት ያልፋል። ማታ ጡትሽ እንደ ድንጋይ ይሆናል፣ ልጁም በጠነከረ ጡት ላይ መያዝ ያቅተዋል። አንድ ክፍል አስቀድመሽ ያዢ። አንዲት እህት ወይም ጓደኛ «ልጁ ሊጠባ ነው» የማለት ሥልጣን ይኑራት። ጡትሽ ከጠጠረ ከማጥባትሽ በፊት ጥቂት በእጅሽ አልቢ፣ ጫፉ ዙሪያ እስኪለሰልስ ብቻ። ከዚያ በኋላ ቀዝቃዛ ጨርቅ ያዢበት። እያሹ መጨፍለቅን እርሺው፤ ድሮ እኛም እናስተምረው ነበር፣ እብጠቱን እንደሚያብስ አሁን እናውቃለን።

ጠላ ወተት ያመጣል የሚሉሽም በዚያው ቀን ይኖራሉ። አያመጣም። አልኮል ወደ ወተት ያልፋል፣ የወተቱንም መውረድ ያዘገያል። አጥሚቱንና ገንፎውን ግን ብዪ። አብሹም እንደ ምግብ ምንም አይልሽም፤ ስኳር ሕመም ካለብሽ ብቻ ሐኪምሽን ጠይቂ። ከነሱ ውስጥ ራሱን ችሎ ወተት የሚሠራ የለም፤ አንቺን ግን ያበረቱሻል። የምታጠባ እናት ከወትሮው በቀን ሁለት ጊዜ ጨምራ ትብላ ነው የምንለው። ቡና አንድ ሁለት ሲኒ አይጎዳም። ጾም ሲመጣ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ። ለምታጠባ እናት ማቃለል በቤተ ክርስቲያናችን ያለ ነው፤ ብዙ ሴቶች ግን ለመጠየቅ ያፍራሉ።

ስለ ሥራሽ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ለግል ድርጅት ሠራተኛ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል። እኛ ደግሞ ስድስት ወር ጡት ብቻ እንላለን። በመካከል ያለውን ሦስት ወር እናቲቱ በራሷ ጥበብ ነው የምትሞላው። አስተማሪ በመሆንሽ የዕረፍት ሰዓት አለሽ፤ ያ ዕድል ነው። ሥራ ልትገቢ ሁለት ሳምንት ሲቀርሽ ጠዋት ካጠባሽ በኋላ ማለብ ጀምሪ። ማለቢያው ከከበደሽ እጅሽ ይበቃል። አውራ ጣትሽን ከጥቁሩ ክፍል ትንሽ ራቅ አድርገሽ ከላይ፣ ሌሎቹን ጣቶች ከታች። መጀመሪያ ወደ ደረትሽ ግፊ፣ ከዚያ ጣቶችሽን አቀራርቢ፣ ልቀቂ። ቆዳው ላይ አታንሸራትቺ። መጀመሪያ ምንም ላይወጣ ይችላል፤ ሁለት ደቂቃ ጠብቂው።

የታለበ ወተት ከፍሪጅ ውጭ አራት ሰዓት ይቆያል፣ ፍሪጅ ውስጥ አራት ቀን። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆንሽ የዛሬውን ለነገ ብቻ አስቢ። ሲሞቅ በሞቀ ውሃ ውስጥ አስቀምጦ ነው፣ እሳት ላይ አይጣድም። አንድ ወር ከሞላው እስከ ስድስት ወር ሕፃን በቀን የሚፈልገው ወተት በአማካይ ከ750 እስከ 800 ሚሊ ሊትር ነው፤ ብዙ አይቀያየርም። አንቺ ስድስት ሰዓት ብትርቂ ወደ 200 ሚሊ ሊትር ያህል ትተሽ መሄድ ነው። በጡጦ ፈንታ በትንሽ ንጹሕ ሲኒ ይሰጠው። ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ የሲኒዋ ጠርዝ የታችኛው ከንፈሩን ይንካ፣ ወተቱ ከንፈሩን እስኪነካ ብቻ ዘንበል ይበል። አይፈስበት፤ ራሱ በምላሱ ይልሰዋል። መጀመሪያ የምታዪ ከሆነ ትገረሚያለሽ። አማትሽ ይህንን ካስለመድሻቸው ከማንም በላይ ጎበዝ ይሆናሉ።

እስከ ቀጠሮ የማይቆዩ ነገሮችም አሉ። ልጁ ጡት ጨርሶ ከተወ፣ ለማጥባት ስትቀሰቅሺው ካልነቃ፣ ትኩሳቱ 37.5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ወይም ገላው ከቀዘቀዘ፣ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ መዳፉና የእግሩ ወለል ቢጫ ከሆነ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም። ሌሊትም ቢሆን። አንቺ ደግሞ ጡትሽ በአንድ በኩል ቀልቶ፣ ግሎ፣ ብርድ ብርድ ካለሽና በአንድ ቀን ካልተሻለሽ ታዪ። በዚያ ጊዜም ማጥባትሽን አታቋርጪ፤ ወተቱ ልጁን አይጎዳውም። እና አንድ ነገር፤ ልቅሶ ልቅሶ የሚልሽ፣ ልጁን ማየት የሚያስጠላሽ፣ ሁለት ሳምንት የቆየ ከሆነ ይህንንም ንገሪኝ። እሱም ይታከማል፤ በብዙ ሴት የሚደርስ ነው።

የስድስት ሳምንት ክትባቱ የዛሬ ሳምንት ነው አይደል? በዚያው ቀን ነይ፤ በአንድ መንገድ ሁለት ጉዳይ ትጨርሺያለሽ። የክትባት ካርዱን ያዢ፣ ያቺን የክብደት ወረቀትም። የምታጠቢበትን ትራስ ይዘሽ ነይ ብልሽ አትሳቂ፤ እኔ ቢሮ ያለው ትራስ ቤትሽ የለም። አማትሽን ይዘሻቸው ነይ፤ አጠገቤ ወንበር አስቀምጥላቸዋለሁ። ልጁን ግን መንገድ ላይ እንዳያስቸግር ብለሽ አጥብተሽ አታምጪው። ርቦት ይምጣ።